ሞገዱን የሰረቀ የለም፦ ስለ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ታሪክ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ማለትም ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ዝምድና፣ ታሪክ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ሦስት ወዳጆች በተለያየ ቀን ልከውልኛል፤ ሁለቱ «እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ አክለውበታል። ጽሑፉ አማርኛው ያማረ፣ አተራረኩም የሚያስነብብ ነው፤ የተስፋፋውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ይሁንና ከሚያቀርባቸው ዋና ዋና ነጥቦች አብዛኞቹ ከተጻፈው መዝገብ ጋር አይገጥሙም፤ የሚገጥሙትም ቢሆኑ ወደማይወስዱበት መደምደሚያ ተጎትተዋል።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ነጥባቸው፣ ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ በ1820 የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ዝምድና ያገኘው ሳያስበው፣ በአጋጣሚ፣ ሲያስተምር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የማይክል ፋራዳይን ሐሳብ የሒሳብ ካባ ከመደረብ ያለፈ ሥራ አልሠራም ይላል። ሦስተኛው፣ የማክስዌል የመጀመሪያዎቹ 20 ቀመሮች ሆን ተብሎ ወደ 4 እንዲያንሱ ተደርገው «ነጻ ኃይል» የሚገኝበት መንገድ ተደብቋል የሚል ነው። አራተኛው፣ ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርዝ ያገኘው የሬዲዮ ሞገድ ምንነት ያልገባው ሰው እንደነበር፣ ሬዲዮን የፈጠረው ኒኮላ ቴስላ እንደሆነ፣ ጣሊያናዊው ማርኮኒ እንደሰረቀውና ይህንንም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1943 እንዳረጋገጠ ይተርካል። አምስተኛው ከታሪክ ወደ ጤና ይሻገራል፦ ከሬዲዮ እስከ ጋማ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሞገድ ከሆነ፣ የስልክ ሞገድና ራጅ በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ነው ይላሉ። ዓመተ ምሕረቶቹን ጸሐፊው እንዳደረጉት እኔም በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

በአምስቱም ውስጥ አንድ የጋራ ጉድለት አያለሁ። ጸሐፊው ማን ምን አሰበ፣ ማን ከማን ወሰደ የሚለውን በትጋት ይከታተላሉ፤ ማን ምን ለካ የሚለውን ግን ዘለውታል። ይህ ታሪክ ከልኬቱ ሲነጠል ደግሞ ወይ ተአምር ወይ ሌብነት ይመስላል።

ከኦርስቴድ ልጀምር። የአጋጣሚውን ወሬ ጸሐፊው ከራሳቸው አላመጡትም፤ ኦርስቴድን የሚያውቅ አንድ ሳይንቲስት ከብዙ ዓመታት በኋላ ለፋራዳይ የጻፈው ደብዳቤ ወደዚያው ያደላል። ስለዚህ በኮፐንሃገኑ ትምህርት ላይ ዕድል ምንም ድርሻ አልነበራትም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ኦርስቴድ ኤሌክትሪክ በማግኔት ላይ ያለው ተጽዕኖ መፈተን እንዳለበት በ1812 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ስምንት ዓመት በልቡ ይዞት የቆየውን ነገር ያገኘ ሰው «ሳያስበው አገኘ» አይባልም። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ከዕለቷ በኋላ የሆነው ነው። ጠንከር ያለ ባትሪ አሠርቶ ሽቦውን ከመርፌዋ በላይም በታችም አደረገ፤ በመካከል ብርጭቆ፣ እንጨት፣ ውኃና ብረት እያስገባ ኃይሉ ይታገድ እንደሆነ ፈተነ፤ ያገኘውንም ጁላይ 21 ቀን 1820 በላቲን በታተመ አራት ገጽ ጽሑፍ አወጣ። መርፌ በአጋጣሚ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ፈተና ግን በአጋጣሚ አይሠራም።

ነገሩ ለምን ቀድሞ እንዳልታየ ማንም ቤቱ ሆኖ ሊረዳው ይችላል። አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ክንድ ሽቦና የልጆች ኮምፓስ ይበቃል። ሽቦውን ከመርፌዋ በላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አጋድሜ ሳገናኘው መርፌዋ ባለችበት ቀረች። ሽቦውን ከመርፌዋ ጋር ትይዩ አድርጌ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሳዞረው ግን ወዲያው ወደ ጎን ዞረች፤ ሽቦውን በሥሯ ሳሳልፈው በተቃራኒው ዞረች። (ሽቦው በጥቂት ሰከንድ ስለሚግል እጅን መጠንቀቅ ነው።) ኃይሉ እንደሌሎቹ የሚስብ ወይም የሚገፋ ሳይሆን ሽቦውን የሚዞር በመሆኑ፣ ስበት ብቻ የጠበቀ ሰው ሽቦውን አግድም አድርጎ ምንም ሳያይ ሊሄድ ይችል ነበር። ወሬው መስከረም ላይ ፓሪስ እንደደረሰ አንድሬ ማሪ አምፔር በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍባቸው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ ማሳየት መቻሉም የተዘጋጀ ዓይን ምን ያህል እንደሚያፈጥን ያመለክታል።

ሁለተኛው ነጥብ ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ፋራዳይ በመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ያደገ፣ መደበኛ የሒሳብ ትምህርት ያላገኘ ሰው ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ጠምጥሞ፣ አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝና ሲያላቅቅ በሌላው በኩል ያለችው መርፌ ብድግ ብላ እንደምትመለስ፣ ግንኙነቱ ሲጸና ግን ዝም እንደምትል አየ። ሌሎች ለዓመታት የሳቱት ይህንኑ ነበር፦ ባለበት የሚቆም ማግኔት ጅረት አይወልድም፤ የሚወልደው ሲለዋወጥ ነው። በ1845 ማግኔት በከባድ መስታወት ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን የንዝረት አቅጣጫ እንደሚያዞር አሳየ፤ በዓመቱ ደግሞ ብርሃን የኃይል መስመሮች ንዝረት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ስለዚህ ጸሐፊው «ሐሳቡ የፋራዳይ ነው» ሲሉ እኔ ብቻ ሳልሆን ማክስዌልም ይስማማል። በ1865ቱ ጽሑፉ፣ ፋራዳይ ያቀረበው የብርሃን አስተሳሰብ በመሠረቱ እርሱ ከሚያቀርበው ጋር አንድ መሆኑን ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ አንድ ልዩነት ብቻ አስቀምጧል፦ በ1846 የሞገዱን ፍጥነት ለማስላት የሚያስችል መረጃ አልነበረም።

ይህች ልዩነት በጸሐፊው ዓይን ትንሽ ናት፤ በእኔ ዓይን ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። መረጃው የመጣው በ1856 ቪልሄልም ቬበርና ሩዶልፍ ኮልራውሽ ካሳተሙት ሙከራ ነው። ሁለቱ ጀርመናውያን በብርጭቆ ማሰሮ ኤሌክትሪክ አጠራቀሙ፤ መጠኑን በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ክሶች (ቻርጆች) እርስ በርስ በሚገፋፉበት ኃይል ለኩ፤ ቀጥለው ያንኑ ኤሌክትሪክ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ለቀው ማግኔቷን ምን ያህል እንደሚመታት ለኩ። የሁለቱ ልኬቶች ንጽጽር በባሕርይው ፍጥነት ነው፤ ያገኙትም ቁጥር በሰከንድ 310,740 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። በዚያ ክፍል ውስጥ ብርሃንን የሚመለከት ሙከራ አልተሠራም። አርማንድ ፊዞ ግን በ1849 በጥርሳም መዘውር እያቆራረጠ የብርሃንን ፍጥነት ለክቶ 314,858 ኪሎ ሜትር በሰከንድ አግኝቶ ነበር። ማክስዌል ከቀመሮቹ የወጣውን ፍጥነት ከዚህ ጋር ሲያስተያየው ብርሃን ራሱ ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ነው ለማለት የሚያበቃ ቁጥር በእጁ ገባ። እርግጥ ነው፣ ሁለቱም ልኬቶች ዛሬ ከምናውቀው 299,792 ከፍ ይላሉ፤ የሊዮን ፉኮ የ1862 ልኬት ወደ 298,000 ዝቅ ይል ነበርና ማክስዌል እርሱንም አብሮ ጠቅሷል፤ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ አላቀረበም።

ካባ የሚደረብለት ሰው አካሉ አይለወጥም። ማክስዌል ግን በፋራዳይም በአምፔርም ዘንድ ያልነበረ ነገር ጨምሯል፦ ሽቦ በሌለበት፣ በሁለት ሳህኖች መካከል ባለው ባዶ ቦታ እንኳ፣ የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ (ኃይሉ የሚዘረጋበት አካባቢ) እንደ ጅረት ሆኖ ማግኔት ይወልዳል የሚለውን። ይህች ጭማሪ ከቀመሮቹ ብትወጣ ሞገድ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ፋራዳይ ባሳየው መንገድ ማግኔት ኤሌክትሪክ ይወልዳል፣ መልሶ የሚወልደው ግን ያጣል። ማክስዌል ወደዚህ የደረሰው ዛሬ ማንም በማይቀበለው የሚሽከረከሩ ጥቃቅን መዘውሮች ምሳሌ በኩል መሆኑን እቀበላለሁ፤ ቁም ነገሩ ምሳሌው ቢፈርስም ቁጥሩ መጽናቱ ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም መልሱ በቁጥር ይገኛል። በ1865ቱ ጽሑፍ ውስጥ ሃያ ያልታወቁ መጠኖችና ለእነርሱ ሃያ ቀመሮች አሉ፤ ከመጠኖቹ ስድስቱ አቅጣጫ ያላቸው በመሆናቸው እያንዳንዳቸው በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ ሦስት ጊዜ ተጽፈው አሥራ ስምንት ይሆናሉ፤ አቅጣጫ የሌላቸው ሁለት ሲጨመሩ ሃያ ይሞላል። ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1880ዎቹ ያደረገው ሦስቱን መስመሮች በአንድ ምልክት ማሰር፣ ከዚያም ለስሌት የማያስፈልገውን ማስወገድ ነበር፤ ኸርዝም ለብቻው ወደዚያው ደርሷል። ሄቪሳይድ ደግሞ የትልቅ ኩባንያ ወኪል ሳይሆን ከቴሌግራፍ ሥራ ወጥቶ በድህነት የኖረ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው። የማክስዌል የመጀመሪያው ጽሑፍም ሆነ የ1873ቱ መጽሐፉ ዛሬም ለፈለገው ይገኛል። በዚያው የ1865 ጽሑፍ ውስጥ ማክስዌል የመስኩን ኃይል አስልቶ አስቀምጧል፤ ከየትም የማይመጣ ኃይል በሃያውም በአራቱም የለም። አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እተዋለሁ፦ ሄቪሳይድ የማይረባ ብሎ ያስወገደው «ፖቴንሻል» የተባለው መጠን በኳንተም ፊዚክስ በኩል ክብሩን አግኝቶ ተመልሷል። ነገር ግን ከዚያም ቢሆን ነጻ መብራት አልመጣም።

ወደ ኸርዝና ወደ ቴስላ እንምጣ። ጸሐፊው ኸርዝ እንዳልገባው ለማስረዳት አንድ የታወቀ ታሪክ ይጠቅሳሉ፦ በ1889 አንድ መሐንዲስ በሞገዶቹ ስልክ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ሲጠይቀው ኸርዝ አህጉር የሚያህል መስታወት ያስፈልጋል ሲል መልሷል። መልሱ ሲነበብ ያስቃል፤ ሲሰላ ግን ትክክል ነው። የሰው ድምፅ በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይርገበገባል እንበል፤ 300,000 ኪሎ ሜትርን ለአንድ ሺህ ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያንን ለማንጸባረቅ ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚሰፋ መስታወት ያሻል። የኸርዝ ሞገዶች ሙከራውን በሠራባት የጀርመን ከተማ በካርልስሩሄ ከመቶ ሴንቲ ሜትር በታች እስከመሆን ያጠሩ ነበሩ። ድምፅን በፈጣን ሞገድ ትከሻ ላይ ጭኖ መላክ የሚለው ብልሃት እርሱ ከሞተ በኋላ የመጣ ነው፤ ያንን አለመተንበዩን አልክድም። ኸርዝ የሞተው ገና በ36 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 ነው።

«አልገባውም» የሚለው ግን በፍጹም አይሆንም። በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ከሚሊ ሜትር የምታንስ ብልጭታ እየጠበቀ፣ ሞገዱን ከዚንክ ቆርቆሮ ላይ አንጸባርቆ የሚጠናከርበትንና የሚጠፋበትን ቦታ አንድ በአንድ ምልክት አደረገ፤ ከዚያም ርዝመቱን አወጣ። ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን የቅጥራን ፕሪዝም አሠርቶ ሞገዱ በፕሪዝሙ ውስጥ እንደ ብርሃን እንደሚታጠፍ አሳየ። የማክስዌልን ሐሳብ ከወረቀት ወደ ክፍል ያወረደው ይህ ልኬት ነው። በመካከሉም ከብልጭታው የሚወጣው ልዕለ ሐምራዊ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን ሌላኛዋን ብልጭታ እንደሚያበረታ አስተውሎ መዘገበው፤ አይንስታይን በ1905 የተነተነው ክስተት መነሻው እዚህ ነው።

የ1943ቱን ፍርድ በተመለከተ፣ ጸሐፊው ፍርዱን ከማንበብ ይልቅ ስለ ፍርዱ የተነገረውን የወሰዱ ይመስለኛል። ክሱ የማርኮኒ ኩባንያ የአሜሪካ መንግሥት ፈጠራዎቼን ያለ ክፍያ ተጠቅሟል ሲል ያቀረበው ነበር። ፍርድ ቤቱ የማርኮኒ አንድ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ዋና ዋና ክፍሎች፣ ማለትም ላኪና ተቀባይን ወደ አንድ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) የማስማማት ዘዴ፣ በሌሎች ተመራማሪዎች፣ በሎጅ፣ በቴስላና በስቶን፣ ሥራዎች ስለተቀደመ ጸንቶ አይቆምም አለ። በሌላ በኩል የማርኮኒ ዝና የተመሠረተበት የመጀመሪያው ፓተንት የክርክሩ ርዕስ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። «ሬዲዮን የፈጠረው ቴስላ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በፍርዱ ውስጥ የለም። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ቴስላ ራሱ ያለው ነው፦ በሕይወቱ ሁሉ የእርሱ አሠራር ከኸርዝ ሞገዶች የተለየ እንደሆነ፣ ኃይሉ በምድር ውስጥ እንደሚሄድ ሲከራከር ኖሯል። ሰውየው የእኔ አይደለም ያለውን ሞገድ የእርሱ ነው ብሎ ሌላውን ሌባ ማለት ያስቸግራል።

ለቴስላ የሚገባውን እሰጣለሁ፤ የሚሽከረከረውን የማግኔት መስክ በሞተር ላይ በማዋሉ የፋብሪካ ዓለም ተለውጧል። «ተለዋዋጭ ጅረትን (ኤሲ) ፈጠረ» ተብሎ የሚነገረው ግን አይሆንም፤ ሂፖሊት ፒክሲ በ1832 የሠራው መሣሪያ፣ ቴስላ ከመወለዱ 24 ዓመት በፊት፣ ተለዋዋጭ ጅረት ያወጣ ነበር። ማርኮኒም ከሌሎች መሣሪያዎች እየቃረመ መሥራቱ እውነት ነው፤ የእርሱ ድርሻ ርቀቱን ከሜዳ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ውቅያኖስ መግፋቱ ነው። ጸሐፊው ስለተረሱ ሰዎች ሲቆጩ አብሬያቸው እቆጫለሁ፤ ነገር ግን እሳቸውም ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስን ረስተውታል። ቦስ በ1895 ካልካታ ውስጥ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሞገዶች በግድግዳ አሳልፎ ደወል አስደውሏል፤ ፓተንት ለማውጣትም እምብዛም ፍላጎት አልነበረውም። የተሰረቀ ሰው ፍለጋ ከሄድን መጀመሪያ የምናገኘው እርሱን ነበር፤ እርሱ ግን ሲከስ አልተሰማም።

አምስተኛው ነጥብ የሰዎችን ጥያቄ ያስነሳው ነው። ሁሉም አንድ ቤተሰብ መሆናቸው እውነት ነው፤ ጸሐፊው ግን ይህን እንዴት እንዳወቅን አልጠየቁም። ዊልያም ኸርሼል በ1800 ከቀይ ብርሃን ባሻገር ባስቀመጠው ቴርሞሜትር ሙቀት አገኘ፤ ዮሐን ሪተር በዓመቱ ከሐምራዊው ባሻገር የብር ጨው የሚያጠቁር ነገር አገኘ። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ያገኘው ጨረር ምን እንደሆነ ስላላወቀ «ኤክስ» አለው፤ እኛ «ራጅ» የምንለው ጨረር ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። ራጅ የዚሁ ቤተሰብ መሆኑ የታወቀው በ1912 በክሪስታል ውስጥ ሲበተን ታይቶ የሞገድ ርዝመቱ ሊለካ ሲቻል ነው። እንግዲህ አንድ መሆናቸውን የነገረን የሞገድ ርዝመት ልኬት ነው፤ ልዩነታቸውን የነገረንም ያው ልኬት ነው። የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን መጣል አይቻልም።

የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያዳመጠ ሁሉ «በ25 ሜትር ባንድ» የሚለውን ያስታውሳል፤ ያ የሞገዱ ርዝመት ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚህም ነው በሩ ላይ ያለው ወንፊት በቀዳዳዎቹ ብርሃንን እያሳለፈ ሞገዱን የሚያግደው። ብርሃን ኃይሉን የሚያስረክበው በቁርጥራጭ ነው፤ የአንዱ ቁራጭ መጠን የሚወሰነው በፍሪኩዌንሲው ነው። ራጅን አደገኛ የሚያደርገው ከሞለኪውል ኤሌክትሮን መንጠል መቻሉ ነው፤ ከውኃ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ለመንጠል 12 ነጥብ 6 ኤሌክትሮን ቮልት (የእጅግ ጥቃቅን ኃይል መለኪያ) ያስፈልጋል። የምድጃው ሞገድ አንድ ቁራጭ ከዚህ ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ያንሳል፤ የስልክ ሞገድም በዚያው ደረጃ ነው። የሻማ ቀይ ብርሃን እንኳ በቁራጭ ሲመዘን ከምድጃው ሞገድ ከ150 ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። የሐኪም ቤት ራጅ ቁራጭ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ቢያካፋ ቅል አይሰበርም፤ አንድ ድንጋይ ግን ይሰብረዋል።

ካፊያው ቅል ባይሰብርም ሰውን ማበስበሱ አይቀርም፤ ይህንንም ለጸሐፊው መተው አለብኝ። ብዙ ማይክሮዌቭ ውኃን ያሞቃል፤ የስልኮች የኃይል ገደብ የተቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገዶችን «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» ከሚለው ምድብ ማስገባቱም እውነት ነው፤ ይህ ምድብ ግን ማስረጃው ውሱን መሆኑን የሚናገር እንጂ ከራጅ ጋር እኩል ናቸው የሚል አይደለም። የራጅ ምድብ ሌላ ነው፤ የፀሐይ ጨረርም ከራጅ ጋር በአንድ ምድብ ውስጥ ነው። ስለ ጨረር የሚያስፈራ ነገር የሚፈልግ ሰው ያለ መከላከያ መነጽር ብረት የሚበይዱ ወጣቶችን ይመልከት። ከብየዳው የሚወጣው ልዕለ ሐምራዊ ብርሃን ማታ ዓይናቸውን አሸዋ እንደገባበት ያደርገዋል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚታይ ጉዳት ነው።

ጸሐፊው በማብቂያቸው ላይ፣ ይህን ሁሉ ካወቁ ወዲህ ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሳሎን ማሳደር እንደጀመሩ ይነግሩናል። በዚህ እንስማማለን፤ የእኔም የሚያድረው ሳሎን ነው፤ ምክንያቴ ግን ሌሊት የሚላክልኝ መልእክት ነው።